ስለ ስቲንግሬይ እና ስለ ዴዝ ካፕ እንጉዳይ የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

አንዱ የባሕር ዓሣ ነው፣ ሌላው የዱር እንጉዳይ። የሚያገናኛቸው መርዝ ነው፤ ግን የመርዛቸው ጠባይ ለየቅል ስለሆነ ስለ አንዱ የሰማነውን ለሌላው ስናውል ነው ጉድ የሚፈላው።

«ስቲንግሬይ ሰው እያሳደደ ይወጋል»

ኧረ በጭራሽ! ይህ የሻርክ ዘመድ አሸዋ ለብሶ መተኛት ይወዳል፤ በጅራቱ እሾህ የሚወጋውም ብዙውን ጊዜ ሳያዩት ሲረግጡት ነው። እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየጎተቱ ከተራመዱ ቀድሞ ይሸሻል።

«ከወጋ አለቀ»

አውስትራሊያዊው የቴሌቪዥን የዱር እንስሳት ፕሮግራም አቅራቢ ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ ዓሣ ተወግቶ ስለሞተ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እሱን ግን እሾሁ ልቡን ነው የወጋው። እግሩን የተወጋ ሰው በሕመም ይጮኻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ቢሆንም የእሾህ ስባሪ ሊቀር፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ስለሚችል ሐኪም ማየቱ ግድ ነው።

«እንጉዳይ በደንብ ከበሰለ መርዙ ይጠፋል»

ዋናው አደገኛ ወሬ ይሄ ነው። የስቲንግሬይ መርዝ ሙቀት የሚያበላሻቸው ፕሮቲኖች አሉት፤ ለዚህም ነው የተወጋ እግር ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ሲነከር ሕመሙ የሚረግበው። አማቶክሲን የሚባለውን የዴዝ ካፕ መርዝ ግን ቀቅለው፣ ጠብሰው፣ አድርቀው ወይም አቀዝቅዘው አያጠፉትም። ግማሽ ቆቡ እንኳን አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል።

«መርዛም እንጉዳይ ይመራል፣ ብር ያጠቁራል፣ ነፍሳት አይነኩትም»

ሦስቱም ተረት ነው። በልተውት የተረፉ ሰዎች እንዲያውም ይጣፍጣል ብለዋል።

«ወዲያው ካላመመኝ ተርፌያለሁ»

አትሸወዱ። ማስመለሱና ተቅማጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ከዚያ ጋብ ይላል፣ በሽተኛውም ዳንኩ ብሎ ይነሳል፤ በዚህ መሃል ግን መርዙ ሴሎች ፕሮቲን መሥራት እንዳይችሉ አግዶ ጉበቱን እየጨረሰው ነው። አንዳንዱን የሚያተርፈው የጉበት ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። በበኩሌ ከሁለቱ የምፈራው ይህን ዝምተኛውን ነው። የተጠረጠረ እንጉዳይ የበላ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ሆስፒታል ይሂድ።

«መንካቱም ይገድላል»

አይገድልም፤ ጉዳቱ ሲበሉት ነው።

«እንጉዳይ ተክል ነው»

አይደለም። ፈንገሶች ከተክል ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባሉ። ስለዚህ ዴዝ ካፕ ከሥሩ ተጣብቆ ከሚኖርበት ከኦክ ዛፍ ይልቅ ለስቲንግሬይ ይዛመዳል፣ ብታምኑም ባታምኑም!