ካሽ ምንድን ነው? ቆሻሻ ግን አይደለም

አሁንስ በዛ። አንዱ ስልክ ይዞ ቪዲዮ ላይ ይወጣና «ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሁሉንም አፕ ካሽ አጥፉ፣ ስልካችሁ እንደ አዲስ ይሆናል» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ «ተባረክ» ይለዋል። ምክሩን የተከተሉት ደግሞ ውለው አድረው እኛ ዘንድ፣ አዲስ አበባ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ያለው ሞባይል ጥገና ቤት ይመጣሉ። «ስልኬ ተንቀራፈፈ፣ ፓኬጅ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል፣ ቦታ ደግሞ አሁንም የለኝም» እያሉ።

ሴቲንግ የት እንዳለ አላስረዳም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ።

ካሽ ማለት አንድ አፕ «ይሄ ነገር ኋላ ይፈለጋል» ብሎ ስልካችሁ ላይ ያስቀረው ቅጂ ነው። ያያችሁት ቪዲዮ፣ የቻናሉ ፕሮፋይል ፎቶ፣ የተመለከታችሁት ካርታ። ዋናው ሌላ ቦታ፣ ሰርቨር በሚባለው የአፑ ባለቤቶች ኮምፒውተር ላይ አለ። ቅጂው እዚህ የተቀመጠው ደግማችሁ ስትከፍቱት ከኢንተርኔት እንደገና እንዳይጎተት ነው። ትርጉሙ እዚህ ያልቃል። ጣጣው የሚጀምረው ሰው «ቆሻሻ» ብሎ ሲጠራው ነው።

የኮንዶሚኒየሙን ሱቅ አስቡ። ባለሱቁ ስኳሩን ግማሽ ግማሽ ኪሎ መዝኖ፣ በፌስታል ቋጥሮ ባንኮኒው ሥር ደርድሮታል። ሰው ሲጠይቀው እጁን ሰደድ አድርጎ ማቀበል ብቻ ነው። ካሽ ይሄ ነው። «ሱቁ ጠበበኝ» ብሎ ማታ ማታ የተቋጠረውን ሁሉ አውጥቶ ቢጥል ሱቁ በርግጥ ይሰፋል፣ እስኪነጋ ድረስ። ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ስኳር ሲለው ሱቁን ዘግቶ መርካቶ ሊሄድ ነው። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ! የታክሲውን ሰልፍ እናንተው ታውቁታላችሁ። የመመላለሻውን የሚከፍለው ማን ነው? እናንተ ናችኋ፣ ከፓኬጃችሁ። ዋይፋይ ያለው ቤት ነገሩ ላይታወቀው ይችላል። እዚህ እኛ ሰፈር ግን አብዛኛው ሰው የሚኖረው በሞባይል ዳታ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «እኔ ግን ካሽ አጥፍቼ ሁለት ጊጋ አግኝቻለሁ፣ ምን ትላለህ?» ብሎ ሞግቶኛል። አግኝተሃል ወንድሜ፣ አልካድኩህም። ከሳምንት በኋላ ደግመህ እየው ነው የምልህ። ያንኑ አፕ ያንኑ ያህል ከተጠቀምክበት ያ ሁለት ጊጋ ተመልሶ ይሞላል፣ አሁን ግን ሁለተኛ ከፍለህበታል። ቦታ ተለቀቀ የሚባለው የተለቀቀው ነገር ተመልሶ የማይመጣ ሲሆን ነው።

«ይፈጥናል» የሚሉት ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ካሹ ከጠፋ በኋላ አፑ ሲከፈት ሁሉንም ከዜሮ ስለሚያወርድ የመጀመሪያው አከፋፈት የባሰ ይዘገያል። እዚህ ላይ ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር፦ ስቶሬጁ ጢም ብሎ የሞላ ስልክ በርግጥ ይንቀራፈፋል። ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ አዲስ ነገር ለመጻፍ መፈናፈኛ ይፈልጋል፣ ባዶ ቦታ ሲያጣ አሮጌውን እያነሳና እያሸጋሸገ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ጥቂት ጊጋ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ይህ ግን የስቶሬጅ፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ ጉዳይ እንጂ የራም፣ ማለትም የተከፈተ አፕ ለጊዜው የሚሠራበት ቦታ ጉዳይ አይደለም። ሰው ሁለቱንም «ሜሞሪ» እያለ ስለሚጠራቸው «ሜሞሪ ሞላ» ሲለኝ የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ግዴታዬ ሆኗል።

ሌላው የሚረሳው ነገር፣ የሱቁ አከራይ መኖሩ ነው። አከራዩ አንድሮይድ ራሱ ነው። ቦታ ሲያጥር ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ የተቋጠረውን ስኳር ማንሳት ይችላል። ካሽ ተብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው በዚህ ስምምነት ነው። በፈረንጆች 2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ አፕ የካሽ ኮታ አለው፣ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ከኮታው ያለፈው ነው። እናንተ ማታ እንቅልፋችሁን አጥታችሁ የምትሠሩትን እሱ ሲያስፈልግ ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ይሠራዋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ የዱቤ ደብተሩ አለ። ማን ስንት እንደወሰደ የተጻፈበት። እሱ መርካቶም የለም፣ የትም የለም፣ ያለው እዚያች ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ይሄ «ዳታ» ይባላል። አማርኛ ሴቲንግ የምትጠቀሙ ከሆነ «መሸጎጫ አጽዳ» የሚለው ካሹን ነው፣ «ማከማቻ አጽዳ» የሚለው ግን ደብተሩንም ጭምር ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ በችኮላ «እዚህ ጋ ገብታችሁ አጥፉት» ብሎ ያልፋል።

አንድ የዕቁብ ዳኛ የሆኑ እናት አሉ። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረው፣ ለማን እንደደረሰ፣ ሁሉን የሚጽፉት ስልካቸው ላይ በማስታወሻ አፕ ነው። ስልኩ «ቦታ የለም» ሲላቸው የጎረቤት ልጅ «እማማ፣ ካሽ ያጥፉ» አላቸው። ሁለተኛውን ነኩት። እኔ ጋ ሲመጡ አፑ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ከነማስተዋወቂያው አዲስ ሆኖ ተከፍቷል። «ልጄ፣ አጽዳ ነው ያለኝ፣ እኔም አጸዳሁ» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? አፑ ከጉግል አካውንታቸው ጋር አልተገናኘም፣ ባክአፕ የለም። ያገኙት ቦታ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፣ ጽሑፍ ምን ያህል ይይዛል? ሒሳቡን ከየአባላቱ አፍ ለቅመው እንደገና ለመጻፍ ከብሎክ ብሎክ ዞሩ።

«ሪከቨሪ የለህም?» ትሉኛላችሁ። ሁሉም ይሄን ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 10 ጋር የወጡ ስልኮች ውስጥ ያለው ፋይል በሙሉ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ፋይሉ ሲጠፋ መክፈቻውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከስልኩ ውስጥ የጠፋን ነገር «እመልሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁን ሰው ተጠራጠሩት። ሜሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ቶሎ አውጥታችሁ ምንም ሳትጽፉበት ካመጣችሁት ብዙ ጊዜ ይገኛል። የባንክ አፕም ላይ ዳታ አታጥፉ፣ ገንዘባችሁ አይነካም ግን እንደገና ማስመዝገብና ማረጋገጥ ይመጣል።

«ክሊነር» የሚባሉት አፖች ጉዳይም አለ። በፈረንጆች 2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ወዲህ አንድ ተራ አፕ የሌላውን አፕ ካሽ ልክ እንደ ድሮው በቀጥታ ማጥፋት አይችልም። ታዲያ ያ መጥረጊያ እየዞረ «1.8 ጊጋ ተጠርጓል» የሚለው ምንድን ነው? አንዳንዱ ዝም ብሎ ሥዕል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች መርጃ የተሠራውን ፈቃድ ጠይቆ በእናንተ ምትክ ቁልፉን ይነካል። ያን ፈቃድ የሰጣችሁት አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ያነባል። ባንክ አፕ ስትከፍቱም ጭምር። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ራሱ ቦታ ይዞ፣ ማስታወቂያ እያወረደ። ግድ አፕ ካስፈለጋችሁ የጉግሉ «ፋይልስ» ይበቃል፣ ትልልቅ ፋይሎችንና የተደገሙትን ለይቶ ያሳያችኋል፣ የሚጠፋውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

እሺ፣ ስልኩን የሞላው ታዲያ ምንድን ነው? እኛ አገር ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ቴሌግራም። 64 ጊጋ ስልክ ተከፍቶ ሲታይ ሃያውን ቴሌግራም ይዞት ማግኘት ለኔ ብርቅ አይደለም። የፊልም ቻናል፣ የመዝሙርና የመንዙማ ቻናል፣ የኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ግሩፕ። አውቶ ዳውንሎድ ክፍት ከሆነ ያላያችሁት ቪዲዮ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ነው የካሽ ነገር የሚወሳሰበው። ቴሌግራም ያወረደውን ሚዲያ በሙሉ «ካሽ» ይለዋል፣ አንድሮይድ ግን ከፊሉን «ዳታ» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በስልኩ ሴቲንግ በኩል ገብታችሁ ካሽ ብታጠፉ ትልቁ ክፍል ንቅንቅ ላይል ይችላል። ተናዳችሁ ሁለተኛውን ቁልፍ ከነካችሁ ደግሞ ከአካውንታችሁ ትወጣላችሁ፣ ሲክሬት ቻት ካላችሁ እሱ አበቃለት፣ የሚኖረው ስልኩ ላይ ብቻ ነውና። መንገዱ በቴሌግራም በራሱ ውስጥ ነው፤ ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ። እዚያ የትኛው ቻናል ስንት እንደያዘ በስም ይዘረዝርላችኋል። የወረደው ነገር ስልኩ ላይ የሚቆይበትን ጊዜም ለግል ቻት፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ለቻናል አጭሩን ስጡት፣ ለግል ቻት ረዘም አድርጉት፣ አውቶ ዳውንሎዱን ዝጉት። ይሄን አንዴ ካደረጋችሁ የማታ ማታውን ሥነ ሥርዓት መርሳት ትችላላችሁ።

የጠፋው ፊልም ከቻናሉ ተመልሶ ይወርዳል፣ ቻናሉ እስካለ ድረስ። የፊልም ቻናል ደግሞ ዛሬ አለ ነገ የለም። የምትፈልጉትን ጋለሪ ላይ ሴቭ አድርጉ። ግን ሴቭ ማድረግ ሁለተኛ ቅጂ መፍጠር ነው። አንዱን ፊልም ሁለት ቦታ አስቀምጦ «ስልኬ ሞላ» የሚል ሰው በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ዋትሳፕን ከቴሌግራም ጋር አንድ አታድርጉት። ፎቶውና ቪዲዮው እናንተ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ዋናው ያለው ስልካችሁ ላይ ነው፣ እንደ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ እዚያ እያዩ ማጥፋት ነው። ማኔጅ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ከ5 ሜጋ በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረጉትን ለይቶ ያወጣላችኋል። የበዓል መልካም ምኞት ቪዲዮዎቹን ከዚያ ጀምሩ፣ የዘንድሮውም የአምናውም አብረው ነው የሚገኙት።

ፎቶ ላይ አልረዝምም። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን ለይቶ ከስልኩ ላይ ብቻ የሚያነሳ ቁልፍ አለው፣ በእሱ ተጠቀሙ። በእጃችሁ አንድ በአንድ ከዚያ አፕ ውስጥ ካጠፋችሁ ግን ከስልኩም ከአካውንቱም ነው የሚሄደው፤ ባክአፕ የሆነው ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ነፃው 15 ጊጋ ደግሞ ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው። «ፎቶ ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ከሰኔ 2021 በፈረንጆች ወዲህ አይሠራም።

ካሽ ማጥፋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። አንድ አፕ አልከፈት ሲል፣ አሮጌ ነገር ደጋግሞ ሲያሳይ፣ ሲከፈት እየተዘጋ ሲያስቸግር የዚያን አፕ ካሽ ብቻ አጥፉ። የተቋጠረው ስኳር ረጥቦ ሊሆን ይችላልና። ወይም አሁን በዚህች ደቂቃ የሚጫን ነገር ኖሮ ጥቂት ሜጋ ከጎደላችሁ። ከዚያ ውጭ ተዉት።

ስለ ቦታ ካነሳን አይቀር፣ ሳጥኑ ላይ «4+4 ራም» የተባለ ስልክ ካላችሁ ሁለተኛዋ አራት የመጣችው ከስቶሬጁ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ብትዘጓት ቦታው ይመለስላችኋል። የፍጥነቱ ልዩነት ይኼን ያህል አይደለም።

«ለምን ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ አልገላገልም?» ለሚል ደግሞ፣ ግዛ፣ ግን እየው። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው 256 ጊጋ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሌላ ነው። ስልኩ 256 ብሎ ያሳየዋል፣ እውነተኛው ልኩ ሲያልቅ ግን የበፊቱ ላይ ይደርብበታል ወይም የተበላሸ ፋይል ይጽፋል። ፎቶዎቻችሁን ከማዛወራችሁ በፊት ትልልቅ ቪዲዮ እስኪሞላ ገልብጡበትና ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ከፍታችሁ እዩ። አንዱ እንኳ አልከፍት ካለ ፎቶ ሳታስገቡበት በዚያው ቀን ለገዛችሁበት ሰው መልሱት።