«መካከለኛ» እንቅስቃሴ ሲባል ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ደቂቃው ሳይሆን «መካከለኛ» የሚለው ቃል ነው። ለአንድ ሰው መካከለኛ የሆነው የሚታወቀው በእርምጃው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ በሚደርስበት ድካም በመሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላት የኮሌጅ ተማሪ ከጓደኛዋ ጋር እኩል ስትራመድ፣ ለጓደኛዋ ቀላል የሆነው ጉዞ ለእሷ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። መለያው እየተራመዱ መነጋገር መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል ነው። የፈተና ሰሞን ውጥረትን ለማርገብ ደግሞ ክብደት እስኪቀንስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በእግር መንሸራሸር እንኳ ለጥቂት ሰዓታት መንፈስን ሊያረጋጋ ይችላል።