የዲኤንኤ ድግግሞሽ አመልካች ምንድን ነው?

በጣና ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ጓሮዎች፣ ሰው በልቶ ከጣለው ዘር በቅሎ ለዛፍ የበቃ ማንጎ ጥቂት አይደለም። እናቱ ትታወቅ ይሆናል፤ የአበባውን ብናኝ ነፍሳት ከየትኛው ዛፍ እንዳመጡት ግን ማንም አላየም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ በአንዳንድ የማንጎ ዓይነቶች ከአንድ ዘር ብዙ ችግኝ አብሮ መውጣቱ ነው፤ ከእናቲቱ ሕብረ ሕዋስ ብቻ የተገኙት ችግኞች በዘረመል ራሷን እናቲቱን ሲሆኑ፣ ከአባትም የወረሰው በዓይን ከእነሱ አይለይም። እንዲህ ያለውን የዘር ጥያቄ ከሚፈቱት መሣሪያዎች አንዱ የዲኤንኤ ድግግሞሽ አመልካች፣ በሌላ ስሙ ማይክሮሳተላይት ነው።

ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በተባሉ አራት ኬሚካዊ ፊደላት የተጻፈ ረጅም ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ አንዳንድ ቦታ ከ1 እስከ 6 ፊደላት ያሉት አጭር ቃል፣ ለምሳሌ «ጂኤ»፣ ሳይቋረጥ ይደጋገማል፤ አመልካች የሚባለው ይህ ድግግሞሽ ያለበት ቦታ ነው። ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም እዚህ ሲደርስ፣ ቁጥሩ እንደጠፋበት ቁም ጸሐፊ፣ አንዳንዴ አንዱን ይደግማል ወይም ይዘላል፤ ስለዚህ አንዱ ዛፍ 12 ጊዜ የደገመውን ሌላው 17 ጊዜ ሊደግመው ይችላል። ከድግግሞሹ ግራና ቀኝ ያለው ጽሑፍ ግን እምብዛም አይለወጥም። ተመራማሪው ከቅጠል ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ያንን ጽሑፍ እንደ ድንበር ምልክት ይዞ መካከሉን ፒሲአር በተባለ የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ያባዛዋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ አስኪዶ ርዝመቱን ይለካል፤ አጭሩ ይፈጥናል፣ ረጅሙ ይዘገያል። (ዘረመል መለወጥ ነው ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ዛፉ የተነበበ እንጂ የተነካ አይደለም።)

ችግኝ አንዱን ርዝመት ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ስለሚወርስና ሁለቱም ስለሚታዩ፣ እናቲቱ የሌላት ርዝመት የተገኘበት ችግኝ አባት አለው ማለት ነው። የማይዛመዱ ዛፎችም በአጋጣሚ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ በዲኤንኤው ላይ ያሉ በርካታ ቦታዎች አብረው ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው ዝነኛ የወይን ዓይነት የካበርኔ ፍራንና የሶቪኞን ብላን ልጅ መሆኑ የተረጋገጠው በዋናነት በዚህ ዘዴ ነበር።

ዝርያ ለማሻሻል ሲሆን አመልካቹ ራሱ ጣዕም ወይም በሽታ መቋቋም አይሰጥም፤ ነገር ግን ለተፈላጊው ዘረመል ቅርብ ከሆነ አብሮት ስለሚወረስ፣ ፍሬ ለማየት ዓመታት የሚያስጠብቀው ማንጎ ገና በችግኝነቱ በቅጠሉ ሊመረጥ ይችላል። ሁለቱ በተራራቁ መጠን ግን በውርስ ጊዜ የመለያየት ዕድላቸው ስለሚጨምር፣ በአንድ ማዳቀል የሠራ አመልካች በሌላው ላይ እንደገና መፈተን አለበት።