ቦተም ምንድን ነው?

ሃስኬል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ስሌት በስህተት ሲቋረጥ ወይም ማብቂያ አጥቶ ሲዞር ውጤቱ ቦተም ይባላል። ከሁለቱም የሚገኝ ዋጋ ስለሌለ በሒሳቡ ዓይን አንድ ናቸው። ቦተም በየታይፑ (በየዋጋው ዓይነት) ውስጥ አለ፤ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) እመልሳለሁ የሚል ፈንክሽን ቦተም ሊሆንበት ይችላል፣ ታይፑን አይቶ ማወቅ ግን አይቻልም።

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በሊስት ተይዟል እንበል፦ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ። የመርሳው ስላልደረሰ በቦታው ሲሰላ ፕሮግራሙን በስህተት የሚያቋርጠው ኧረር ገብቷል። የሊስቱን ርዝመት የሚቆጥረው ሌንግዝ ያለችግር 5 ይላል፤ ለመቆጠር ዋጋው መታወቅ የለበትም። ዋጋዎቹን የሚደምረው ሰም ሲጠራ ግን መርሳ ላይ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሃስኬል የሚያሰላው ሲፈለግበት ብቻ ነውና ስህተቱ ከተጻፈበት ርቆ ይፈነዳል፤ አድካሚውም ይኸው ነው።

ሌላ ፈንክሽን ደግሞ ከሰንጠረዥ ቀጣዩን ከተማ እያነበበ ወልዲያ ሲደርስ ይቆማል። ከውጫሌ ቀጥሎ ሐይቅ ተብሎ በስህተት ከተመዘገበ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይኖራል፤ መልእክትም አይሰጥም። ኮዱን ተርጓሚው ኮምፓይለር ሁሉንም እንዲህ ያለ ዙረት ይይዝልኛል ማለት ከንቱ ነው፦ የትኛውም ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ የሚወስን ዘዴ እንደሌለ የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። አግዳ የተባለው ሌላ ቋንቋ መቆሙን ማረጋገጥ ያልቻለውን ፕሮግራም አይቀበልም፤ የሚቆሙ ደህና ፕሮግራሞችም አብረው ውድቅ ይሆናሉ።

እንደ መርሳው ላለ የሚጠበቅ ጉድለት ኧረር መጻፍ ስንፍና ነው፤ ዋጋ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል የሚለውን ታይፕ ማይቢን ተጠቅሞ ናቲንግ (ምንም) ማስገባት ይበቃል። የጎደለበትን ምክንያት አብሮ መያዝ ከተፈለገ ደግሞ አይዘር የሚባለው ታይፕ አለ።

የማይጠበቀውን ስህተት በአይኦ (ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኘው የፕሮግራሙ ክፍል) ውስጥ ትራይ ይይዘዋል፣ ወጥመድ ግን አለው። የባዶ ሊስትን ሄድ (የሌለውን የመጀመሪያ አባል) ሳያሰላ በሚያቀብለው በሪተርን ከሰጡት ስሌቱ ገና ስላልተነካ ትራይ «ተሳክቷል» ይላል፤ ፍንዳታው በኋላ ፕሪንት ላይ ይመጣል። በሪተርን ፋንታ ወዲያው የሚያሰላው ኢቫሉዌት ይግባ። እሱም የሚያሰላው እስከ ላይኛው ሽፋን ድረስ ነው፤ ለሊስቱ ውስጥ ዋጋዎች ዲፕሴክ ከተባለው ላይብረሪ ፎርስ ይጨመርበታል።

ለማያበቃው ስሌት ያለው፣ ጊዜ ሲያልፍ የሚያቋርጠው ታይምአውት ነው። ጊዜውን በማይክሮሰከንድ ይቀበላል፤ 2 ሰከንድ ለመስጠት 2000000 ይጻፋል። እዚህም ኢቫሉዌት ከውስጥ ካልገባ ሰዓቱ የሚለካው ባዶ ነገር ነው። ሜሞሪ ሳይጠይቅ የሚዞር ሉፕ ደግሞ ለማቋረጫው ጆሮ አይሰጥም፤ ኮዱን በኮምፓይለሩ ኖ ኦሚት ዪልድስ (-fno-omit-yields) አማራጭ ኮምፓይል ማድረግ ያስፈልጋል።