የጉዝጓዝ ከረጢት ምንድን ነው?

የጉዝጓዝ ከረጢት ትከሻ ላይ የሚነገት፣ ከላይ በሰፊ አፍ የሚሞላ፣ ከታች ደግሞ በእጅጌ የሚያፈስ ከረጢት ነው። ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተከተፈ አገዳ ወይም ሰጋቱራ ይሞላበትና በአትክልት መደቦች መካከል እየተሄደ በተክሉ ዙሪያ ይፈሳል። ከተራው የማዳበሪያ ጆንያ የሚለየው በታችኛዋ እጅጌ ነው። ማዳበሪያ ሲገለበጥ ያለው በሙሉ አንድ ቦታ ይዘረገፋል፤ በእጅጌ ሲፈስ ግን የሚፈለገው ያህል ብቻ፣ በሚፈለገው ቦታ ይወርዳል።

ጉዝጓዝ የሚለውን ቃል ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ቄጠማ ወለል ላይ እንደሚጎዘጎዝ ሁሉ፣ በተክል ሥር ያለውን ባዶ አፈር በደረቅ ነገር ማልበስም መጎዝጎዝ ይባላል። የለበሰ አፈር ፀሐይና ነፋስ ቶሎ አያደርቁትም። አረሙም ብርሃን ስለሚያጣ ይቀጭጫል፤ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ቀጥቅጦ አያጥበውም። ጉዝጓዙ ራሱ ከጊዜ በኋላ በስብሶ አፈር ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሥራው ላይ የሚያደክመው ግን ማመላለሱና መበተኑ ነው።

ጉዝጓዝ ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይፈጃል። አንድ ካሬ ሜትር መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲለብስ 50 ሊትር ይፈልጋል። 1.2 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የጎመን መደብ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ 300 ሊትር ይበላል ማለት ነው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጊዜ። ይህን በክንድ ታቅፎ ማመላለስ ግማሹን መንገድ ላይ ማንጠባጠብ ነው። ሸራ ላይ ጭኖ መጎተት ለሰፊ ማሳ ጥሩ ቢሆንም በጠባብ መደቦች መካከል ችግኝ ይደፈጥጣል። ባሬላ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከረጢቱ አንድ ሰው ብቻውን፣ አንድ እጁን ቅጠል ለማንሣት ትቶ እንዲሠራ ያስችለዋል።

ለመሥራት ሁለት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ይበቃል። አንዱ ለአካሉ፣ ሌላው ለእጅጌውና ለማንገቻው ነው። ዩሪያ የነበረበት ከሆነ ታጥቦ ይሰጣ፤ ፀረ ተባይ ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ግን ቢታጠብም አይሁን፣ በተለይ ለሚበላ ቅጠል። ውስጡ ላስቲክ ካለው ይውጣ። ላስቲኩ እርጥበት ስለሚያፍን እርጥብ ሣር በአንድ ሌሊት ይሞቅበታል፣ ይተናል፣ ይሸታል።

የተለመደው ማዳበሪያ ጠፍጥፈው ሲለኩት ወርዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። የሥሩን ስፌት በምላጭ መበጣጠስ አያስፈልግም፤ ክሩን ከትክክለኛው ጫፍ ከያዙት እንደ ሰንሰለት እየተተረተረ በአንድ መሳብ ያልቃል። ያ ክር ይቀመጥ፣ ለመስፊያ ይሆናል። ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥና የተቆረጠው ጠርዝ በሻማ ወይም በጋለ ቢላ ይተኮስ። ያልተተኮሰ ጠርዝ በሳምንቱ ክር በክር ይፈታል።

አፉ ላይ ቀለበት ይግባበት። ባለ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ 115 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በአጭር እንጨት ይጋጠማሉ፣ በሽቦም ይታሰራሉ። ከዚያ የከረጢቱ ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይታጠፍበትና ከቀለበቱ በታች ዙሪያውን ይሰፋል። ቀለበት የሌለው አፍ ሲሞላ ይከደናል፤ አንድ ሰው ይዞ ሌላው ካልሞላ አይሆንም፣ ያኔ የአንድ ሰው ሥራ መሆኑ ቀረ።

ታች ሁለቱ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ከጎን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚጀምር ሰያፍ ስፌት ወደ መሐል እየጠበበ ይወርድና 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መውጫ ይቀራል። እጅጌው ከሁለተኛው ማዳበሪያ የሚወጣ፣ ጠፍጠፍ ሲል 30 ሳንቲ ሜትር ወርድና 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጋጠሚያው ላይ ነው። የከረጢቱ ጠርዝ በእጅጌው ውስጥ መግባት አለበት እንጂ እጅጌው በከረጢቱ ውስጥ መግባት የለበትም። ተገላቢጦሽ ከተሰፋ ውስጥ በኩል ከንፈር ይፈጠራል፤ ገለባ እዚያች ከንፈር ላይ ይሰካል፣ ሌላው ይደገፍበታል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መውጫው ድርቅ ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቢያራግፉት ቢደበድቡት የሚወጣ ነገር የለም።

ስፌቱ በጆንያ መርፌና በናይሎን ክር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ፣ ሁለት ጊዜ ይመለስበት። የቃጫ ሲባጎ እርጥብ ጉዝጓዝ ሲነካው ስለሚበሰብስ ለዚህ አይመረጥም። የእጅጌው ጫፍ ላይ ትንሽ ጆሮ ይሰፋል፤ ከረጢቱ ፊት ላይ ደግሞ ጆሮው በሚደርስበት ቦታ የሽቦ ሜንጦ ይደረጋል። እጅጌው ወደ ላይ ታጥፎ ጆሮው ሜንጦው ላይ ሲሰቀል ከረጢቱ ዝግ ነው፤ ሲወርድ ክፍት ነው። ቋጠሮ መፍታትና ማሰር የለም፤ ይህች ሜንጦ ከምንም በላይ ጊዜ ትቆጥባለች።

ማንገቻው ቢያንስ አራት ጣት ይስፋ። ከማዳበሪያው ረጅም ቅዳጅ ተወስዶ በአራት ታጥፎ ይሰፋና ሁለቱ ጫፎቹ ከቀለበቱ ጋር አብረው ይያዛሉ። ገመድ ትከሻ ይቆርጣል። ርዝመቱ የሚስተካከለው እንደ ሰውየው ቁመት ነው፤ እጅጌው ተፈትቶ ሲንጠለጠል ጫፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከዚያ ካጠረ ነፋሱ ይበትነዋል፣ ከረዘመ ይረገጣል።

እንዲህ የተሰፋ ከረጢት ሳይታጨቅ 60 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ሦስት ጀሪካን። ከላይ ለተጠቀሰው የጎመን መደብ አምስት ከረጢት ማለት ነው። ለአንድ የፍራፍሬ ዛፍ ደግሞ ከግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ተርቆ እስከ አንድ ሜትር ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ቢለብስ አራት ከረጢት ይፈጃል። ደረቅ ጭድ ሲሆን ከረጢቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። እርጥብ ኮምፖስት ከሆነ ግን ያው 60 ሊትር ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ሲሶው ብቻ ይሞላ። የሚቀደደውም የሚያምመውም በዚህ ጊዜ ነው።

ምን ይሞላበት? በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የገብስና የስንዴ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ጭድ ደግሞ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ከከብት አፍ ነጥቆ አፈር ማልበስ ትክክል አይመስለንም። የሚሻለው ከብቶች መርጠው የተዉት፣ የተረገጠና የደረቀ ትራፊ፣ ዘር ሳይቋጥር የታጨደ አረምና ሣር፣ የጓሮ ቅጠል ነው። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራም ይሆናል፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፣ ከአፈሩም ጋር አይቆፈር። ከተቆፈረ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ቅጠል በየደጁ ሞልቷል፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለጋ ችግኝንም ያቀጭጫል፤ ለመንገድ ዳር እንጂ ለአትክልት መደብ አይሁን። ቆላ ላይ ያለው ፓርቲኒየም (ቅንጬ አረም) ካበበ በኋላ በፍጹም አይነካ፤ ዘሩን በገዛ እጅ መደብ ላይ መዝራት ነው፣ ቆዳንም ያሳክካል።

ረጅም ነገር ሁሉ ይከተፍ። በ30 ሳንቲ ሜትር እጅጌ ውስጥ ያለ ችግር የሚያልፈው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ገለባ ነው። የማሽላ አገዳ በገጀራ አጥሮ ካልተቆረጠ እጅጌው ውስጥ እንደ ድልድይ ይጋደማል። ሲሞላ በእግር አይረገጥ፤ የታጨቀ ጭድ ብዙ የተያዘ ያስመስላል እንጂ አይፈስም። እብቅ የበዛበት ከሆነ አፍንጫ በነጠላ ይሸፈን፤ ውኃ ረጨት ቢደረግበትም አቧራው ይበርዳል፣ ነፋስም አይወስደውም። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ከሰዓት በኋላ ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚነሣ አይነገረውም፤ ሥራው ማለዳ ይሠራ።

መጀመሪያ መደቡ ይታረም፣ ውኃ ይጠጣ። ደረቅ አፈር ከተጎዘጎዘ ጉዝጓዙ ድርቀቱን ነው የሚጠብቀው፤ ትንሽ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ገለባው ጠጥቶት ይቀራል። ከዚያ ከረጢቱ ከትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ ይነገታል፣ እጅጌው ከሜንጦው ይወርዳል። አንዱ እጅ የእጅጌውን አንገት ይጨብጣል፤ ጨበጣው ሲላላ ይፈሳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ሌላው እጅ የጎመኑን የታች ቅጠሎች ሰብስቦ ወደ ላይ ያነሣል። እጅጌው በሥሩ ዙሪያ አንድ ዙር ይዞራል፤ ከግንዱ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይተዋል። ገለባው ከግንድ ጋር ከተነካካ እርጥበቱ ግንዱን ያበሰብሰዋል፣ ቀንድ አውጣና ቆራጭ ትልም ይጠለሉበታል። ዛፍ ሲሆን ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርቶ ልጡን ይግጠዋል፤ የ20 ሳንቲ ሜትሩ ርቀት ለዚህ ነው። ገለባ ሲረጥብ ስለሚሟሽሽ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ከረጢት ይጨመርለታል።

መቼ? እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ዞን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የደጋው ምክር ለቆላው አይሆንም።

ደጋው ላይ ትክክለኛው ጊዜ መስከረም ማለቂያ ነው፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ውርጭ አለ፤ ጉዝጓዝ ለውርጭ መድኃኒት ነው የሚለው አባባልም በግማሹ ስሕተት ነው። ቀን ፀሐይ የሞቀው ባዶ አፈር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይመልሳል፣ ከእሱ በላይ ያለውን ቅጠል በትንሹም ቢሆን ያሞቃል። ጉዝጓዝ ይህን ሙቀት አፈሩ ውስጥ ያፍነዋል፤ ሥሩ ይሞቃል፣ ቅጠሉ ግን ከባዶው መደብ ይልቅ ይበርደዋል። ስለዚህ ድንችና ባቄላን የመሰለ ውርጭ የሚያጠቃው ተክል ካለ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ምሽት ጉዝጓዙ ወደ ቦዩ ይገፋ። ችግኙ አጭር ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይደረግ፦ ከረጢቱ ተነግቶ ደረቅ ገለባ ላላ ተደርጎ ራሱ ችግኙ ላይ ይፈስና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይገለጥ። ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ብርዱን ይችላሉ፣ ይህን ያህል አይደከምላቸውም።

ሞረትና ጅሩን በመሰለው በጥቁር አፈር አገር ክረምት ላይ መጎዝጎዝ ጉዳት ነው። ያ አፈር ሳይጎዘጎዝም ውኃ ይተኛበታል፣ ከተሸፈነ ከናካቴው አይደርቅም፣ ሥሩ ይታፈናል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን ከየትኛውም አፈር በላይ ይጠቅመዋል፤ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል፣ የለበሰው ግን ስንጥቁ ይቀንሳል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በኩል ሙቀቱ አፈሩን ስለሚያደርቅ በመስኖ ለሚለማ ቲማቲምና ፓፓያ ጉዝጓዝ ውኃ ይቆጥባል፤ ቲማቲሙም አፈር ሳይነካ ስለሚያርፍ መበስበሱ ይቀንሳል። ጠላቱ ምስጥ ነው። ደረቅ አገዳ ምስጥን ይጠራል፤ ስለዚህ ስስ ይደረግ፣ ከግንድ ይራቅ፣ በየሳምንቱ ገለጥ እየተደረገ ይታይ። የጭቃ መሿለኪያ ከታየ ጉዝጓዙ ተሰብስቦ ይነሣ።

የትም ቢሆን ዶሮና በግ ይጠበቁ። ዶሮ ለትል ስትል በአንድ ጠዋት መደቡን በሙሉ ትጭረዋለች፤ በግ ደግሞ ገለባውን ብቻ በልቶ አይመለስም፣ ጎመኑንም ያክልበታል።

ከረጢቱ ራሱ የሚሞተው በፀሐይ ነው። የማዳበሪያ ጨርቅ ፕላስቲክ ነው፣ የደጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ያፈረፍረዋል። ሥራ ሲያልቅ ተራግፎ፣ ደርቆ፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀል። እርጥብ ቅጠል እንደያዘ ከተተወ ስፌቱ ይሻግታል፣ አይጥም ይበሳዋል። በጣት ሲታሽ ነጭ ዱቄት መልቀቅና ክሩ መሰባበር ከጀመረ በዚያ ሳምንት ይጣል፤ ቀለበቱ፣ ሜንጦውና ማንገቻው ለሚቀጥለው ይሆናሉ። እያፈሰሱ እያለ የሚረግፈው የፕላስቲክ ክር ከገለባው ጋር ተቀላቅሎ መደብ ላይ ይቀራልና፣ በግ ወይም ላም ያንን ገለባ ስትበላ ክሩ ሆዷ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል።