«ኤይረን» ምን ማለት ነበር?

በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «ኤይረን» የሚል ቃል ካጋጠማችሁ ግራ አትጋቡ፤ እንቁላሎች ማለት ነው። በደቡብ እንግሊዝ ይነገር የነበረ፣ ዛሬ የጠፋ ቃል ነው።

አታሚው ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1490 በጻፈው የመጽሐፍ መግቢያ ላይ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በቴምዝ ወንዝ በዛሬዋ ኔዘርላንድ ወዳለችው ዜላንድ ሊሻገሩ የተነሡ ነጋዴዎች ነፋስ አጡና ከመርከብ ወረዱ። አንዱ ቤት ገብቶ ባለቤቲቱን «ኤግስ» እንድትሰጠው ጠየቃት። «ፈረንሳይኛ አልችልም» አለችው። ሰውየው ተናደደ፤ እሱም ፈረንሳይኛ አይችልማ! ሌላው «ኤይረን» ሲላት ወዲያው ገባት። የሁሉም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር።

«ኤግ» ከቫይኪንጎች የተወረሰ የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ ቋንቋ) ቃል ነው፤ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ። «ኤይረን» ግን የጥንቱ እንግሊዝኛ የራሱ ቃል ነው። ነጠላው «ኤይ» ነው። የሚገርመው፣ ሁለት የብዙ ቁጥር ምልክት ተደራርቦበታል፤ መጀመሪያ «ር»፣ ኋላ ደግሞ «ን»። እኛ «መላእክት» ራሱ ብዙ ሆኖ ሳለ «መላእክቶች» እንደምንለው ማለት ነው። ይኸው ድርብርብ «ችልድረን» (ልጆች) ላይ እስከ ዛሬ አለ። «ኤይረን» ግን በ16ኛው መቶ ዘመን እየተረሳ ሄደ።