ከሌዘር በኋላ የሚመጣው ጥቁረት ምንድን ነው?

የጥምቀት ሰሞን የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ቤት መጣች። በባሕር ዳር ቀትር! ገለጥ ስታደርገው አገጯ ሥር ክብ ክብ ጥቋቁር ምልክቶች ተሰልፈዋል፤ ልክ ማኅተም የተመታበት ወረቀት። ከሦስት ሳምንት በፊት የአገጯን ፀጉር በሌዘር አስነስታ ነበር።

“ማድያት ያዘኝ መሰለኝ” አለች። ማድያት አይደለም። ቃጠሎ ጥሎት የሄደ ጥቁረት ነው።

ሌዘር የሚሠራው በብርሃን ነው። ብርሃኑ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም ፀጉሩ ውስጥ ያገኝና ያግለዋል፤ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ያቃጥላል። ሽበት ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። ችግሩ ይኸው ሜላኒን በቆዳችንም ውስጥ አለ። ቆዳው ነጣ ያለ፣ ፀጉሩ ጥቁር ሰው ላይ ብርሃኑ ብዙም አይሳሳትም። እንደኛ ጠይም ላይ ግን ቆዳውንም ፀጉር ነው ብሎ ያቃጥለዋል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ቀለም አብዝቶ ያመርታል። አንዳንዴ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙን አጥቶ ይነጣል። እሱ የባሰ ያስቸግራል።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ማሽኑ ነው። አሌክሳንድራይት የሚባለው ሌዘር የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 755 ናኖሜትር ነው፤ ሜላኒን በደንብ ይመጠዋል፤ ለጠቆረ ቆዳ አይመከርም። ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር 1064 ነው፤ ጠልቆ ይገባል፤ የቆዳውን ቀለም ብዙም አይነካም። ለእኛ የሚሻለው እሱ ነው። አይፒኤል የሚባለው፣ ብልጭ የሚል ድብልቅ ብርሃን የሚተኩሰው ማሽን ደግሞ ጭራሽ ሌዘር አይደለም፤ ስሙን ብቻ ተውሶ ይሸጣል።

ንቅሳት ያለበት ቦታም በሌዘር መነካት የለበትም። በጎንደርና በጎጃም የእናቶቻችንን አንገትና አገጭ አስቡት፤ ብርሃኑ የንቅሳቱንም ቀለም ያቃጥላል።

መቅላትና በፀጉሩ ዙሪያ ማበጥ ያለ ነው፤ በሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ውሃ ከቋጠረ ግን ወደ ሐኪም ነው። ዓይን መከለያ ሳይደረግ አይተኮስም፤ ቅንድብ አካባቢ ጨርሶ ይቅር። ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በተለይ ፊት ላይ፣ ፀጉሩ ብሶ ይበቅላል። ወር አበባዋ የሚዛባባት ሴት አገጭ ላይ ፀጉር ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሆርሞኗን ብትታይ ይሻላታል።

የእኛዋ ጥፋት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይጠብቁ ሙሉውን ሠሩላት። ሁለተኛ፣ ያለ ጥላ፣ ያለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም በባጃጅ ወደ ቤት። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትራራም።

ከሱቅ ማንጫ ክሬም ልትገዛ ነበር፤ ከለከልኳት። አሁን የቆዳ ሐኪም ያዘዘላትን ትቀባለች፤ ጣና ዳር ለእግር ጉዞ የምትወጣውም አመሻሽ ላይ ነው። ምልክቶቹ ደብዘዝ ብለዋል፤ ግን ወራት ይፈጃል። አስቀድማ የከፈለችባቸው አምስት የሌዘር ዙሮች እስካሁን አሉ።